ጥቁር የተቀባው ጠመንጃ

ወልደሚካኤል ሽማግሌ በመጦር የሚተዳደር ሰው ነው። ቤቱ ፈረንጅ አገር፣ ኦሮራ ከተማ፣ ከኮልፋክስ ጎዳና ትንሽ ገባ ብሎ፣ እኔ በምኖርበት ሕንጻ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሥልሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መኪናውን ያስነሳል፤ ሊትልተን ሄዶ ሬይ የሚባል የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ያጥባል፣ ያለብሳል፣ ያበላል፤ ማታ ይመለሳል። አራት ዓመት እንዲህ ኖረ። ስለ ሥራው ሲጠየቅ "ያው ገላ ነው" ይላል፤ ሌላ አይጨምርም።

ባለፈው ጥቅምት የሬይ ልብ ደከመ። ሐኪሞቹም ከእንግዲህ ቤቱ ይረፍ ብለው አሰናበቱት። በዚያ ሳምንት ሬይ ወልደሚካኤልን ወደ ቤቱ መኪና ማቆሚያ ጋራዥ ልኮ ከግድግዳ ላይ አንድ ጠመንጃ አስወረደው። የጃፓን ወታደር ጠመንጃ ነው። የሬይ አባት ከጦርነቱ ሲመለስ ይዞት መጣ፤ ብረቱን ከአፈሙዙ ጀምሮ ምድጃ በሚቀባበት ጥቁር ቀለም ቀባው፤ ሰቀለው፤ ዳግመኛ አልነካውም። ከዚያ ሠላሳ ዓመት ፍሪጅ ሲጠግን ኖሮ ሞተ።

"አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ ጠየቅኩት" አለ ሬይ። "የጠመንጃውን ባለቤት ገድለህ ነው ያመጣኸው አልኩት። ተነስቶ ሣር ሊያጭድ ወጣ። ሣሩ ደግሞ በዋዜማው ታጭዷል።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ማን ይጠይቃል! አሁን ግን ማወቅ እፈልጋለሁ፣ ዎልዲ። ገድሎ ነው ወይስ ከምርኮ ክምር ያነሳው? መቼ እንደተሠራ፣ እንዴት እንደመጣ የሚለይ ሰው ፈልግልኝ። እኔ ሳልሄድ። ከሄድኩ በኋላ ያንተ ነው።"

ወልደሚካኤል ጠመንጃውን እንዳለ ለአዋቂ ቢያሳይ ኖሮ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር። ግን የይፋት ሰው ነው። እሱ ባደገበት ቤት መሣሪያ ከአባት ለልጅ ሲተላለፍ ሳይወለወል አይሰጥም፤ የቆሸሸ ጠመንጃ ይዞ ሰው ፊት መቅረብ ሟቹን ማዋረድ ነው። አባቱ ሲያደርግ እንዳየው በረንዳ ላይ ጨርቅ አነጠፈ፤ ጥይት እንደሌለው ሁለቴ አየ፤ በላምባ ያርሰው፣ ከከሰል ሥጋ መጥበሻው ባወጣው አመድ ይፈትገው ጀመር። ሚስቱ ዘርፈሽዋል በሩ ላይ ቆማለች።

"የጃፓን ጦር በረንዳዬ ላይ ሰፈረ! ፖሊስ ቢመጣ ምን ልትለው ነው? ቅርስ እያጠብኩ ነው?"

"ጨርቅ አቀብዪኝ አንቺ።"

"ፎጣዬን ነክተህ ብቻ እንዳላይ!"

ያረጀው ቀለም እንደ ቅርፊት እየተነሳ ወደቀ። በሦስተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ፤ ወልደሚካኤል ነው፤ በዕድሜ ስለምበልጠው ጋሼ ይለኛል።

"ጋሼ፣ ወጣ ብለው ይዩልኝ። አበባ አወጣ።"

እውነትም ጥይት የሚጎርስበት ቦታ አናት ላይ፣ ብረቱ ውስጥ የተቀረጸች አሥራ ስድስት ቅጠል ያላት አበባ ብቅ ብላለች።

ሴንቴኒያል የሚባል ከተማ ውስጥ የድሮ መሣሪያ የሚያድስ ሰው አገኘን። ቋንቋው እንዳያስቸግረው ብዬ አብሬው ሄድኩ። ሰውዬው መነጽሩን አደረገ፤ ጠመንጃውን ወደ መስኮቱ ይዞ ሄደ።

"ማነው የፈተገው?"

"እኔ ነኝ" አለ ወልደሚካኤል ደረቱን ነፋ አድርጎ።

"በጣም ፈትገኸዋል። ያ ቀለም ራሱ ታሪክ ነበር። የብረቱንም የጥንት መልክ አብረህ አነሳኸው።"

ሰውዬው ሳይቆጣ ቀጠለ። ከአሁን በኋላ አመድ የለም፤ የሚፍቅ ነገር የለም፤ ስስ ዘይት ብቻ። ምድር ቤት አይቀመጥ። ቆዳ ማኅደር ውስጥም እንዳትተወው፤ ቆዳ እርጥበት ይስባል። ከዚያ በግራ ጎኑ ያለውን ቁጥርና አጠገቡ ያለችውን ትንሽ ምልክት ከመጽሐፍ ጋር አመሳከረ። ፋብሪካውንና በስንተኛው ዙር እንደተሠራ የሚለዩት እነሱ ናቸው። ወደ ጦርነቱ መጨረሻ የተሠሩት ሻካራና የችኮላ ሥራ ናቸው፤ ይሄ ግን ልቅም ያለ ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ አንድ ወይም አርባ ሁለት የተሠራ ነው አለ።

"አበባዋስ?" ብዬ ጠየቅኩ።

"የንጉሠ ነገሥታቸው ምልክት ናት። እጅ ሲሰጡ አብዛኛውን ጊዜ በሞረድ እየፋቁ ነበር የሚያስረክቡት። የተፋቀ ሲሆን ከምርኮ ክምር የተነሳ ነው እንላለን። ይሄ አልተፋቀም።"

"ገድሎ ነዋ!" አለ ወልደሚካኤል።

"እንደዚያ አልልም። ከጦር ሜዳ የመጣ ይመስላል። ሳይፋቅ የተረከቡትም አለ። ከዚህ በላይ ብረቱ አይነግረኝም።"

ስንመለስ ወልደሚካኤል ሀይዌዩ መግቢያ ላይ መኪናውን ቀስ አደረገ።

"ባልነካው ኖሮ አትታይም ነበር" አለ። "አባትየው የቀባው እሷን ነው፣ ጋሼ። ሌላውን ብረት የቀባው እሷን ብቻ እንደሸፈነ እንዳይታወቅበት ነው።"

ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። በወጣትነቴ ፍልስፍና ስማር፣ እውነት ከተገኘ በኋላ ሰው ምን እንደሚያደርገው የሚያስተምር ኮርስ አልነበረም። ምን እንደተሰማኝ ለማወቅ ሞከርኩ፤ ምንም አልነበረም። መኪኖቹ ያልፋሉ፣ እኛም እናልፋለን።

በማግስቱ ሊትልተን ሄድን። ሬይ ዓይኑ ከከዳው ሰንብቷል። ወልደሚካኤል አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ዓመተ ምሕረቱን፣ ፋብሪካውን፣ የሥራውን ጥራት አንድ በአንድ ነገረው።

"አባቴስ?" አለ ሬይ።

ወልደሚካኤል ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ መስኮቱ አየሁ።

"አበባ አለችው። እጅ የሚሰጥ ጠመንጃ አበባው ይፋቃል።"

"ተፍቋል?"

"አዎ፣ ተፍቋል።"

ዘጠኝ ዓመት ሳውቀው ሲዋሽ ሰምቼው አላውቅም።

"እጄን አስነካኝ።"

አፈሙዙ ላይ ወይም ሌላ ልሙጥ ቦታ ላይ ሊያስነካው ይችል ነበር፤ ሽማግሌው አያይም። ወልደሚካኤል ግን ጣቱን ይዞ አበባዋ ላይ አሳረፈው። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም። ጣቱ ቀስ ብሎ ዞረ። አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ደግሞ ዞረ። የሬይን ጣቶች ስኳር ካደነዘዛቸው ቆይቷል፤ የፈላ ሻይ ኩባያ ጨብጦ እንኳ አይሰማውም። የማይሰማ ጣት ለምን እንደሚቆም ግን አላውቅም።

"ልሙጥ ነው" አለ ሬይ።

"አዎ" አለ ወልደሚካኤል።

"ጥሩ።"

ቴሌቪዥኑ እንዲከፈትለት ጠየቀ፤ የአየር ጠባይ ዜና ነበር። ሳያልቅ እንቅልፍ ወሰደው። ወልደሚካኤል ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ፤ የእጅ ላብ ብረት ይበላልና ጨርቁን በስስ ዘይት ነክሮ የሬይን የጣት አሻራ ከአበባዋ ላይ ቅጠል በቅጠል ያነሳ ጀመር። ካፖርቴን እንደለበስኩ በሩ አጠገብ ቆሜ ጠበቅኩት።