የአባቴ ድድ

አባቴ አምቦ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ያዥ ነበር። በደርግ ጊዜ፣ እኔ ጊንጪ ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት፣ የስኳር በሽታ እንዳለበት ተነገረው። ወሬውን የተቀበለው እንደ ማንኛውም የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ነው፤ ሰማ፣ ሥራ ላይ አዋለ። ሻይ ያለ ስኳር ሆነ፤ ክኒኑም ሰዓቱ ሳይዛነፍ ይዋጣል።

ስኳሩ ግን አልወርድ አለ። ሐኪም ቤት ሽንቱን ከመድኃኒት ጋር በመስተዋት ቱቦ ያፈሉታል፤ ሰማያዊ ሆኖ ከቀረ ደህና ነው፣ የጡብ ቀለም ከያዘ ግን መጥፎ። የአባቴ ሁልጊዜ ጡብ ነበር።

«የሚደብቁት ነገር አለ» አለው ሐኪሙ።

«የለም።»

«ሽንት አይዋሽም።»

እናቴ ሐኪሙን አመነች። የአባቴን የኮት ኪስ ስትፈትሽ ቅርንፉድ አገኘች። «ይሄ ለምንድን ነው?» ብትለው «ለአፍ ጠረን» አላት። የጠጅ ሽታ መሸፈኛ ነው ብላ ደመደመች። እኛ ጴንጤዎች ነን፤ ጉዳዩ ከስኳርም ባሰ። ከጸሎት ቤታችን ሁለት ሽማግሌዎች መጥተው መከሩት። እሱም አብሯቸው ጸለየ።

በዚያ ሰሞን ተቀይሞ እኔ ዘንድ ጊንጪ መጣ። የገብስ ቆሎ አቀረብኩለት። አንዷን ፍሬ ወደ አፉ ጣል አድርጎ ሲያገላብጥ ቆየና ቀስ ብሎ አወጣት።

«አባዬ፣ ምነው?»

«ጥርሴ ትንሽ ይነካካኛል። በቅርንፉድ ነው የማስታግሰው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ካምና።»

«ለሐኪሙ ነግረኸዋል?»

«እሱ የስኳር ሐኪም ነው። ስለ ጥርስ አልጠየቀኝም።»

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። የጤና ረዳቷ «ኦቦ፣ እስቲ አፍዎን ይክፈቱ» አለችው። ድዱን በእንጨት ጫን ስታደርገው መግል ወጣ።

«ይህን ታቅፈው ነው ስኳሩ አልወርድ አለ የሚሉት?» አለች። «ሰውነት መግል ይዞ ስኳር አይወርድም፤ ስኳር ከፍ ብሎም ድድ አይድንም። አንዱ ሌላውን እየቀለበ ነው።»

እኔ አባቴ ዓመት ሙሉ ውሸታም ሲባል መክረሙን አሰብኩና አፈርኩ፤ እኔም በልቤ ጠርጥሬው ነበር።

አምቦ ተልኮ አራት ጥርስ ተነቀለለት፣ መርፌም ተወጋ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ቱቦው አረንጓዴ፣ ቆይቶም ሰማያዊ ሆነ።

«አሁን የሚደብቁትን ነገር ተዉት ማለት ነው» አለው ሐኪሙ ደስ ብሎት።

አባቴ አፉን ከፍቶ ክፍተቱን አሳየው። ሐኪሙ ትንሽ አየና ካርዱ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ።

በሽታው አልለቀቀውም፤ ክኒኑን ጡረታ ከወጣ በኋላም ይውጥ ነበር። እናቴ ይቅርታ አልጠየቀችውም። ብቻ ለእረፍት ቤት በመጣሁ ቁጥር ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ወደ ብርሃን ታዞረኝና «አፍሽን ክፈቺ» ትለኛለች።