የመዥገሩ መድኃኒትና የስድስት ዓመት ቂሜ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ሳልናገር ብቀር ይህ ወንበር አያስቀምጠኝም። ጌታ ያደረገልኝን ስሙኝ። ክብር ለእርሱ ይሁን!

እኔ ፍርድ ሲጓደል የማልወድ ሴት ነኝ፤ ታውቁኛላችሁ። ባለቤቴ ሲሞት ልጄ ታደለች ከዱራሜ ለቀብሩ አልመጣችም። ከወለደች ሦስተኛ ቀኗ ነበር። «ታዲያ አባት ስንት ጊዜ ይሞታል?» አልኩ። ስድስት ዓመት ስሟን በቤቴ አላስጠራሁም። እናንተም ቸርች ነዪ ስትሉኝ፣ «መጀመሪያ ባሌን ለምን እንደወሰደው ይንገረኝ» እላችሁ ነበር።

በእኛ አገር በፎንቆ ከብቱን መዥገር ሲይዘው፣ ጎረቤት በየተራው የሁሉንም በመድኃኒት ያጥባል። ተራዬ ደረሰ። ምራቴ አልማዝ፣ «እማዬ፣ ተዪው፤ ካልሆነም ጓንት አድርጊ» አለችኝ።

«ላሟ ጓንት አላት? እሷ የቻለችውን እኔም እችላለሁ!»

በባዶ እጄ ጨርቅ እየነከርኩ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አሸሁ። ቀሚሴ ራሰ። ስጨርስ ላብ አጠመቀኝ፣ ምራቄ ተዝረበረበ፣ ትንፋሽ አጠረኝ። ጎረቤቶቼ መርዝ ያረክሳል ብለው ወተት ሊያጠጡኝ ተሻሙ። ከነእርጥብ ቀሚሴ በጋቢ ጠቅልለው ሆሳዕና ሐኪም ቤት አደረሱኝ። ነርሷ፣ «ኧረ መርዙን አልብሳችሁ ነው እንዴ ያመጣችኋት!» ብላ ልብሴን ገፍፋ በሳሙና አጠበችኝ።

በወጉኝ መርፌ ነፍሴ መለስ ስትል ዶክተሩን፣ «መድኃኒቱ ለምን ወዲያው አልጣለኝም?» አልኩት።

«እማማ፣ አንዱ ምክንያት ጉበትዎ ነው። መድኃኒቱን ሊያጠፋው ይይዘዋል፤ መጀመሪያ ግን የባሰ መርዝ ያደርገዋል። ያንኑ ሰባብሮ ለማስወጣት የሚደክመውም ራሱ ነው። እስከዚያ እኛ ትንፋሽዎን እንጠብቃለን።»

«ይሄ ጉበት ፍርደ ገምድል ነው!» አልኩት። ሳቀ።

እኔ ግን አልሳቅኩም። ዓይኔን ስጨፍን ታደለች መጣችብኝ። የአራስ ከለቅሶ መቅረት ምን ጥፋት ነበረው? ነገሩን በሆዴ ይዤ መርዝ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ጉበቴ ያባሰውን መልሶ ያስወጣል፤ እኔ አላስወጣሁም። «ጌታ ሆይ፣ ስለ ባሌ ከእንግዲህ አልከስህም። ልጄን ሳላይ ብቻ አትውሰደኝ» ብዬ አለቀስኩ። እዚያው አልጋ ላይ ጌታን ተቀበልኩት። ሃሌሉያ!

ድኜ ስወጣ ደወልኩላት። «ይቅር በዪኝ» አልኳት። እሷም፣ «እማዬ፣ ድምፅሽ አርጅቷል» አለችና ዘጋች።

እስካሁን አልመጣችም። የልጇን ፊት አላውቀውም። የዱራሜ መኪና በቆመ ቁጥር የሚወርዱትን አንድ በአንድ አያለሁ። ስድስት ዓመት ደጅ ያቆምኳት እኔ ነኝ፤ አሁን እኔ ብጠብቅ ፍርዱ ልክ ነው።

ወገኖቼ፣ በሆዳችሁ የያዛችሁት ካለ ሳይከርባችሁ ለጌታ ስጡት፤ እመኑት። እኔን እንዲህ የታገሠ አምላክ የልጄን ልብ አይረሳም። ስሙ ይባረክ። ወደ ዱራሜ የሚሄድ ካለ ደግሞ ንገሩልኝ፦ እናትሽ በሩን አልዘጋችም በሏት።