ጀርባዋን የማትሰጠው ልጅ

ኮሌጅ ስገባ አብረውኝ የተመዘገቡት ልጆች በዕድሜ ልጆቼ ሊሆኑ የሚችሉ ነበሩ። ተወልጄ ያደግኩት አርባ ምንጭ አጠገብ ባለችው ላንቴ ነው። የበኩር ልጅ ስለነበርኩ ታናናሾቼ ትምህርት ቤት ሲውሉ እኔ ከእናታችን ጋር ሙዝ እርሻ ውስጥ እውል ነበር። ፊደል የቆጠርኩት እነሱ ተምረው ከጨረሱ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው። ስለዚህ አርባ ምንጭ መጥቼ መምህርነት ልማር ስቀመጥ ክፍሉ በአንድ ቀን ስም አወጣልኝ። «ማዘር» አሉኝ፤ አልተቀየምኩም። ከሁሉም ፊት ያለችውን ወንበር ያዝኩና ዓይኔን ሰሌዳው ላይ ተከልኩ። ወደ ኋላ መዞር አልወድም ነበር። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ቃል ሲገድፍ እንኳ እጄን አላወጣም፤ ደብተሬ ላይ አስተካክዬ እጽፈውና ዝም እላለሁ።

አብራን የተመዘገበች አንዲት ልጅ ነበረች፤ እሷን ከተማው ከእኛ በፊት ያውቃታል። ሲቀላ ሰፈር ገበያው አጠገብ ካለ የባህል ልብስ ሱቅ መስታወት ላይ ትልቅ ፎቶዋ ተለጥፏል፤ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር መስመር ያለው የጋሞ ዱንጉዛ ቀሚስ ለብሳ ከሰው ራስ በላይ የሆነ ነገር ትመለከታለች። የሱቁ ቴሌግራም ላይ ያለችውም እሷ ናት። የጨንቻ ልጅ ነች፤ ቁመቷ የክፍሉ በር ላይ ጎንበስ የሚያሰኝ። የመጀመሪያ ቀን ስትገባ ሁሉም ቀና አለ። ከዚያ ከኋላ ወንበር አንዱ «ፖስተሩ ተራመደ» አለ፤ ሁሉም ሳቀ። እሷ ግን እንዳልሰማ ሰው ግድግዳውን ተከትላ ሄዳ የመጨረሻው ጥግ ተቀመጠች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ «ፖስተር» ሆነ።

እኔ ሰው ከማነጋገር ሰው መመልከት ይቀለኛል። እሷን መመልከት ስጀምር ደግሞ አንድ ነገር አላስተኛ አለኝ። ጠዋት ከሁሉም ቀድማ ትገባለች፤ ከሰዓት ከሁሉም ኋላ ትወጣለች። ግቢው ውስጥ ማንጎው ጥላ ሥር ስንሰበሰብ ግንዱን ተደግፋ ትቆማለች እንጂ መሃል አትገባም። ከሰዎች ተለይታ ስትሄድ ደህና ዋሉ እያለች ጥቂት እርምጃ የኋሊት ትራመዳለች፣ ሰዎቹ ወደ ሌላ ወሬ ሲዞሩ ብቻ ዞራ ትሄዳለች። ከኋላዋ ሲጠሯት አንገቷን አታዞርም፤ ሙሉ ሰውነቷን ነው የምታዞረው።

ልጆቹ ኩራት ነው አሉ። እኔ መጀመሪያ የጀርባ ሕመም መሰለኝ። ቀጥሎ የእሳት ጠባሳ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። አንድ ቀን ስስ ልብስ ለብሳ ዞራ ስትሄድ አይቼ እሱንም ተውኩት። ጠባሳ የለም። ታዲያ ምንድን ነው?

ነገሩ የከፋው መምህሩ እያንዳንዳችን ሰሌዳው ላይ ርዕስ ጽፈን ለአጭር ጊዜ እንድናስተምር ባዘዘን ቀን ነው። ተራዋ ሲደርስ ግድግዳ ግድግዳውን መጣች። ጠመኔውን አነሳች፤ ፊቷን ግን ከእኛ አላነሳችም። እጇን ወደ ኋላ ጠምዝዛ፣ ሰሌዳውን ሳታይ ለመጻፍ ሞከረች። ፊደሎቹ ተንጋደዱ፤ ጠመኔው ተሰበረ።

«ካሜራ የለም እኮ እዚህ» አላት ያው የኋላ ወንበር ልጅ።

መምህሩም ትንሽ ፈገግ አለ። እሷ የተሰበረውን ጠመኔ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ተመለሰች። መምህሩ ሳቁ ሲበርድ ዋናው የማስተማር ልምምድ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደሆነ፣ እሱን ያላለፈ ወደሚቀጥለው ሴሚስተር እንደማይሻገር ነገረን። ያን ሲናገር ዓይኑ እሷ ላይ ነበር።

ከሰዓት ሁሉም ሲወጣ እኔ ቀረሁ። ሰሌዳው ላይ ያለውን ሳልጨርስ አልወጣም፤ ነጥብ እንኳ ቢሆን። እሷም ጥጓ ላይ ነበረች።

«ሂጂ እንጂ» አልኳት።

«አንቺ ቅደሚ።»

ሌሎቹ ማዘር እያሉ «እርስዎ» ነበር የሚሉኝ። አንቺ ያለችኝ እሷ የመጀመሪያዋ ናት።

«እኔ ጽፌ አልጨረስኩም።»

«እኔም አልጨረስኩም።»

«ደብተርሽ እኮ ተዘግቷል።»

ሳቀች። ሳቋ ከፎቶው ጋር አይገናኝም፤ አፍንጫዋ ይሸበሸባል።

«አንቺን ከኋላሽ ብቻ ነው የማውቅሽ» አለችኝ። «ሻሽሽን ነው የማውቀው። ሰማያዊውን ስታስሪ አንዳንዴ አንገትሽ ቀና ይላል፣ ልትጠይቂ ነው እላለሁ፤ ግን አትጠይቂም። ቡኒውን ያሰርሽ ቀን ጭራሽ አትንቀሳቀሺም።»

ደነገጥኩ። ስንት ቀን ስመለከታት ለካ እሷም ስትመለከተኝ ነበር። ከዚህ በኋላ ማፈሩ ዋጋ ስለሌለው የሆዴን ጠየቅኳት።

«ጀርባሽን ምን ሆነሽ ነው?»

«ምንም።» ደብተሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «ቅዳሜ ሱቅ ነይ። ብነግርሽ አይገባሽም።»

ቅዳሜ ሄድኩ። የሱቁ ባለቤት ሰላም ባይ የስልጤ ሽማግሌ ናቸው፤ ጋሼ ነው የምትላቸው። ፎቶውን የሚያነሱት ራሳቸው ናቸው፣ በስልካቸው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው። ልብሱን ጨንቻ ያሉ ሸማኔዎች ይሸምኑታል፣ እዚህ ይሰፋል። የሚሰፋው ግን ለእሷ ልክ አይደለም። ወፍራምም ሴት ቀጭንም ሴት እንድትገዛው ሰፊ ተደርጎ ነው፤ የገዛችው በልኳ ታጠብበዋለች። እሷ ስትለብሰው ጆንያ ይሆናል። ስለዚህ ሞዴሏን ልብስ ከማልበስ በፊት የሚወጣው ዕቃ አንድ ቅርጫት የልብስ መቆንጠጫ ነው፤ የታጠበ ልብስ ገመድ ላይ የምናሰጣበት ያው የፕላስቲኩ። ጋሼ ቀሚሱን ከኋላ ሰብስበው ከአንገቷ እስከ ወገቧ ቆነጠጡት። ከፊት አየኋት፤ የመስታወቱ ፎቶ ራሱ ሆነች።

«እንዳትዞሪ» አሏት ጋሼ። «አገጭሽን ቀና። ከራሴ በላይ እዪ። እንዳትዞሪ ልጄ።»

መሃል ላይ ገዢ ገባች። ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ወደ ግድግዳው» አሉ። እሷ ሳይጨርሱ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ነበር፤ ፈገግታዋ እንኳ አልተነቃነቀም። ገዢዋ ከወጣች በኋላ ወደ እኔ ዞረች።

«አየሽ? ከፊት ልዕልት፣ ከኋላ የልብስ ማስጫ።»

«መቼ ነው የጀመርሽው?»

«ዘጠነኛ ክፍል።»

«እሺ፣ ልብሱን ስታወልቂስ? ኮሌጅ ስትመጪ እኮ ጀርባሽ ላይ ምንም የለም።»

መቆንጠጫዎቹን ከጋሼ እጅ እየተቀበለች አሰበች። «እሱ ነው እኔንም የማይገባኝ። ሰው ከኋላዬ ሲሆን የሆነ ነገር ተከፍቶ የቀረ ይመስለኛል።»

ወደ ባጃጅ ማቆሚያው ስንሄድ የቀረውን ነገረችኝ። አዲስ አበባ ያለች አንዲት ሴት በቴሌግራም አይታት ለሥራ ጠርታታለች። ልምምዱን ከወደቀች ትምህርቱን ትታ ትሄዳለች።

«እዚያ መናገር የለም፤ መቆም ብቻ ነው» አለች።

«ትወጂዋለሽ?»

«መቆሙን? እችልበታለሁ።» ትንሽ ሄድን። «ሦስተኛ ክፍል ያስተማረችኝ መምህር ስለ ደመና የተናገረችውን እስካሁን አስታውሳለሁ፤ ምን ለብሳ እንደነበር ግን አላስታውስም። የእኔ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ሰው የለበስኩትን ነው የሚያስታውሰው።»

እንዳትወድቅ ብለን ከሰኞ ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ባዶ ክፍል ውስጥ ልምምድ ያዝን። ሙቀቱ ቆርቆሮውን ያንጫጫዋል፤ ከመስኮቱ ባሻገር ዓባያ ሐይቅ ቡናማ ሆኖ ተኝቷል። እኔ ተማሪ ሆኜ ከኋላ ወንበር እቀመጣለሁ፤ እሷ የሁለተኛ ክፍል ሒሳብ ታስተምራለች፣ መቀነስን። መጀመሪያ ግማሽ ዞራ ትጽፍ ነበር። መስመሯ ከግራ ተነስቶ ቁልቁል ይሄዳል።

«ጽሑፍሽ ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርደውን መንገድ መስሏል» አልኳት። «አጥፊውና እንደገና።»

«አንቺ ደግሞ ምሕረት የለሽም።»

«ሕፃን ልጅ ጠማማ ካየ ጠማማ ነው የሚጽፈው። እንደገና።»

አንድ ቀን ጠመኔውን ይዛ መጣችና ወንበሬ አጠገብ ቆመች። «አሁን ቦታ እንቀያየር። አንቺ ውጪና ወደ እኔ ዞረሽ አንብቢ።» ቀላል መሰለኝ። ወጣሁ። የነበረችው አንድ ሰው ብቻ ነች፤ የማውቀው ገጽ ግን ጠፋኝ። እሷ ክንዷን ወንበሩ ላይ ዘርግታ በጉጉት ታየኝ ነበር። «ግንባርሽ ላይ ጠቃጠቆ አለሽ ለካ» አለችኝ።

የልምምዱ ቀን አልመጣችም። ሁለት ልጆች አስተማሩ፣ ሦስተኛው ጀመረ። መምህሩ ስሟን ጠርቶ እርሳሱን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ። ያን ጊዜ ውጭ ባጃጅ ሲቆም ሰማሁ። ነጠላ ደርባ እያለከለከች ገባች። ከነጠላው ሥር የሱቁ ቀሚስ ይታያል። ጋሼ ለበዓል የደረሰ ልብስ ጠዋት እናንሳ ብለዋት፣ አንድ ፎቶ ብቻ፣ ደግሞ አንድ ብቻ እያሉ እንዳቆዩዋት በኋላ ነገረችኝ። ሌላ ልብስ ለመቀየር ጊዜ አልነበራትም።

«ዘግይተሻል» አለ መምህሩ። «ጀምሪ። የትምህርት መርጃ መሣሪያሽስ?»

እጇን አየች። ለመቁጠሪያ ያዘጋጀነው የቦሎቄ ከረጢት ሱቅ ቀርቷል። ጠመኔ አነሳች፤ ከዚያ ዞረች። ሙሉ በሙሉ፣ እኛን ትታ፣ ወደ ሰሌዳው። «መቀነስ» ብላ ጻፈች፤ መስመሯ ቀጥ ያለ ነበር። እኔ መስመሩን እያየሁ ደስ ሲለኝ ነጠላዋ ከትከሻዋ ተንሸራተተ።

መቆንጠጫዎቹ ከነበሩበት አልተነሱም ነበር።

«ዛሬ ማስጫ ላይ ነው እንዴ ያደርሽው?» አለ የኋላ ወንበሩ ልጅ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ፊቷን ወደ ሰሌዳው እንዳደረገች ደርቃ ቀረች። በአእምሮዬ አዲስ አበባ ስትሄድ አየኋት። ነጠላውን አንስቼ ልሸፍናት ከወንበሬ ተነሳሁ።

ኮቴዬን ሰምታ ይሆናል። ሳትዞር «ቁጭ በይ ማዘር» አለች። ማዘር ብላኝ አታውቅም፤ ድምፁም የተማሪ ድምፅ አልነበረም። ተቀመጥኩ።

«ልጆች» አለች ለሰሌዳው፤ ከዚያ ጮክ አድርጋ፣ «ልጆች፣ ጀርባዬ ላይ ምን አለ?»

በልምምዱ ሕግ እኛ የሁለተኛ ክፍል ሕፃናት ነን፤ የተጠየቅነውን መመለስ አለብን። «መቆንጠጫ» አሉ ጥቂቶች።

«ስንት ነው? እኔ አላይም። እናንተ ቁጠሩልኝ።»

በግራ የተቀመጡት ስድስት አሉ፤ በቀኝ ያሉት ሰባት። ተከራከሩ። አንዱ በፀጉሯ ተሸፍኖ ኖሯል። ፀጉሯን በእጇ ወደ ፊት ሰበሰበችና ጠበቀች፣ ጀርባዋን ሰጥታን፣ እስክንስማማ። ሰባት ሆነ። ሰሌዳው ላይ ሰባት ጻፈች።

«ማዘር፣ ነይ ሁለት አንሺ።»

ወጣሁ። ሁለቱን ሳነሳ ጀርባዋ አልተነቃነቀም። «አሁን ወደ ልጆቹ ዙሪና አሳዪያቸው» አለችኝ። ዞርኩ። በመጀመሪያው ልምምድ ተራዬ ሲደርስ ዓይኔን ከደብተሬ አላነሳሁም ነበር፤ በዓመቱ ውስጥ ያንን ክፍል ከፊት ለፊት ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። የኋላ ወንበሩን ልጅ በድምፁ እንጂ በመልኩ አላውቀውም ነበር፤ ጢም እንኳ ገና ያላበቀለ ልጅ ነው።

«ስንት ቀረ?» አለች እሷ።

«አምስት፣ ቲቸር» አለ ያው ልጅ። ከንቀት ይሁን ከጨዋታው አላውቅም፤ ቲቸር ግን ብሏል።

መቆንጠጫው ባነሰ ቁጥር ቀሚሱ እየሰፋ ሄደ። መጨረሻ ላይ ዜሮ ስትጽፍ ጆንያ ለብሳ ነበር። ያን ጊዜ ወደ እኛ ዞረች፤ ከራሳችን በላይ አላየችም።

መምህሩ ቀለል ያለ ሰው አይደለም። «ድምፅሽ መጀመሪያ ላይ ከኋላ ወንበር አልደረሰም። ጊዜ አባክነሻል። ጽሑፍሽ ጥሩ ነው» አለ። እርሳሱን አሽከረከረ። «መርጃ መሣሪያው በአካባቢው የሚገኝ ነው። አልፈሻል። ቀጣይ።»

ደወል ሲደወል እንደ ልማዴ የሰሌዳውን እየገለበጥኩ ነበር። እሷ መቆንጠጫዎቹን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች።

«የጋሼ ናቸው፤ ልመልስላቸው። ከዛሬ በኋላ አንዱን ቀሚስ በልኬ ካላሰፉ አልቆምም ልላቸው ነው።»

«ይቆጣሉ።»

«ይቆጡ። ለአዲስ አበባዋ ሴትዮም እደውላለሁ። በክረምት ካልሆነ አልመጣም፣ ትምህርት ላይ ነኝ እላታለሁ።»

ከዚያ ሄደች። ልጆቹ ገና ወንበር እያንኳኩ፣ ደብተር እየሰበሰቡ ሳሉ በመካከላቸው አልፋ ከሁሉም ቀድማ ወጣች። የሰፋው ቀሚስ ከኋላዋ እየተርገበገበ ማንጎውን ሲያልፍ በመስኮት አየሁት። ደብተሬን ዘጋሁ፤ ሁለት መስመር ይቀረኝ ነበር።

በሩ ላይ ስደርስ እሷ የግቢው መውጫ ጋ ደርሳለች። «እየመጣሽ ነው?» አለች ጮክ ብላ፤ አልዞረችም።

«እየመጣሁ ነው» አልኳት፣ ለጀርባዋ።