ከመድፉ በኋላ

ልጅ ሳለሁ አንድ ታሪክ ሳይጨረስልኝ ቀርቶ ያደረብኝ ንዴት ይኸው እስካለፈው ዓመት ድረስ አልበረደልኝም ነበር።

ያኔ የምንኖረው ላስ ቬጋስ፣ ከትልልቆቹ ካዚኖዎች ጀርባ ባለ አንድ አሮጌ አፓርትመንት ነው። እማዬ ሆቴል ወጥ ቤት ስለምትሠራ፣ ከትምህርት ቤት ስንመለስ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ናቲን የሚጠብቁን ጎረቤታችን ጋሽ ሙሉጌታ ነበሩ። እሳቸው የሌሊት ሺፍት ናቸው፤ ካዚኖ በር ላይ የእንግዳ መኪና እየተቀበሉ ፓርክ ያደርጋሉ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ እማዬ ስትገባ እሳቸው ይወጣሉ።

ጋሽ ሙሉጌታ ገና ልጅ ሳሉ የምሥራቁ ጦርነት ቤተሰባቸውን ጨርሶባቸው፣ እንደ እሳቸው ወላጅ ካጡ ብዙ ልጆች ጋር በመርከብ ወደ ኩባ ተልከው እዚያ ያደጉ ሰው ናቸው። ይህን የነገረችን እማዬ ናት። እሳቸው ስለ ጦርነቱ ትንፍሽ አይሉም፤ የሚያወሩልን ስለ ሃቫና ብቻ ነው።

አመሻሽ ላይ የበረሃው ሙቀት ጋብ ሲል፣ ግቢው መሀል ያለውን የጋራ ባርቤኪው በከሰል ያያይዙና በቆሎ ይጠብሱልናል። ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለ፣ ፍሙ ፊታቸውን ከሥር እያቀላው፣ የፓርኪንጉ ቢጫ መብራት ከላይ ጢዝ እያለ፣ ሃቫና ከፍሙ ወዲያ ማዶ ያለች ይመስለኝ ነበር። የባሕር ወንበዴ እንዳይገባ የወደቡ አፍ ግራና ቀኝ ምሽግ እንደተሠራ፣ ሲመሽም በመካከሉ ሰንሰለት ይዘረጋ እንደነበር ይነግሩናል። ባሏ በመርከብ ሄዶ የቀረባት የአገረ ገዢ ሚስት፣ ማማ ላይ ሆና ባሕር ባሕሩን ስታይ እንደሞተች፣ ዛሬም አንዲት የነሐስ ሴት በእሷ ምትክ ምሽግ አናት ላይ በነፋስ እንደምትዞር ይነግሩናል። ሰው በዓመት አንዴ እዚያ ያለ አንድ ትልቅ ዛፍ ሦስት ጊዜ ዞሮ በልቡ ያለውን ይለምናል። ማዕበሉ የባሕሩን ግንብ ዘሎ በጎዳናው የሚያልፉትን አሮጌ መኪኖች ያጥባል። ናቲ ከሁሉ የወደደው ይህን መኪና አጣቢ ባሕር ነበር።

እኔ ግን ሃቫና ሆቴል ትመስለኝ ነበር። ምን ላድርግ! ፓሪስ የማውቀው ሆቴል ነው፤ ቬኒስም፣ ኒው ዮርክም፣ የግብፅ ፒራሚድም ሆቴል ናቸው፤ ሁሉም እዚያው አንድ ጎዳና ላይ ተደርድረዋል። እማዬ በዚያ በኩል ይዛን ባለፈች ቁጥር መስኮቱ ላይ አፍንጫዬን ደፍጥጬ የነሐሷን ሴት እፈልጋለሁ። አጥቻት ስመለስ እናደዳለሁ።

ዋናው ንዴቴ ግን የመድፉ ነው። ድሮ ሃቫና በግንብ ታጥራ ሳለች በሮቿ ሊዘጉ ሲሉ መድፍ ይተኮስ ነበር። በኋላ ግንቡም ፈረሰ፣ በሩም ቀረ፤ መድፉ ግን አሁንም በየምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ይተኮሳል። ጋሽ ሙሉጌታ ልጅ ሳሉ ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ጋር አንድ ቀን ሊያዩት ሄዱ። ወታደሮቹ የጥንት ልብስ ለብሰው፣ ችቦ ይዘው ይመጣሉ። ከበሮ ይመታል። አንዱ ድምፁን እየጎተተ ያውጃል። ችቦው ወደ መድፉ ጠጋ፣ ጠጋ ይላል። እኔና ናቲ በቆሏችንን ረስተን አፋችንን ከፍተናል። ይሄኔ ጋሽ ሙሉጌታ ዓይናቸውን ጭፍን አድርገው የባርቤኪውን ክዳን በመቆንጠጫው ድው!

«በሩ ተዘጋ። በሉ ወደ ቤት።»

«ከዚያስ?» እላለሁ።

«ከዚያማ ሺፍት አለብኝ።»

«ኢትስ ኖት ፌር ጋሼ!» ይላል ናቲ።

ለመንኩ፣ አኮረፍኩ፣ አለቀስኩ፤ ወይ ፍንክች! ሌላው ሰው ተረቱን «አፌን በዳቦ አብሱ» ብሎ ይቋጫል፤ የእሳቸው ግን ድው ብሎ ይቀራል። አንድ ቀን ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ የመድፉን ታሪክ ገና በጊዜ አስጀመርኳቸው። እዚያው ቦታ ሲደርሱ ድው አደረጉት።

«ጋሼ፣ ገና ሁለት ሰዓት እኮ ነው!»

«የሃቫና ሰዓት ይቀድማል» አሉኝና መቆንጠጫቸውን ይዘው ተነሡ።

በዚያው ሰሞን ጎዳናው ላይ ያለ አንድ አሮጌ ሆቴል በፈንጂ ሊፈርስ ሆነ። እንዲህ ያለ ነገር ለላስ ቬጋስ ሰው ሠርግ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ማለዳ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ሊያይ ሲወጣ፣ ጋሽ ሙሉጌታን ልጠራ በራቸውን አንኳኳሁ። ያን ቀን ከሥራ ኦፍ ነበሩ፤ «እኔ አልሄድም» ብለው በሩን ዘጉብኝ፤ ቴሌቪዥናቸው ከውስጥ ሲጮህ ይሰማኝ ነበር። ሕንጻው ተንዶ አቧራው ሲነሣ ሁሉም ነገር የገባኝ መሰለኝ። የፈረሰችው ሃቫና ናት፤ ለዚህ ነው ማየት ያልቻሉት ብዬ ለናቲ ነገርኩት፤ አብረን አለቀስን።

አድጌ፣ ሃቫና እውነተኛ ከተማ መሆኗን አውቄ፣ ሥራ ይዤም ያች «ከዚያስ?» አልለቀቀችኝም። ያለፈው ዓመት ልሄድ ስነሣ አብረውኝ እንዲሄዱ ለመንኳቸው። «በዚህ ጉልበት?» ብለው ሳቁብኝ። ብቻዬን ሄድኩ። ሰንሰለቱ ይታሰርበት የነበረውን ምሽግ፣ የነሐሷን ሴት፣ ዛፉን፣ መኪና አጣቢውን ባሕር፣ ሁሉንም እንደነገሩኝ አገኘሁት። ማታ ወደቡን ተሻግሬ ሕዝብ መሀል ቆምኩ። ችቦው መጣ፤ ከበሮው ተመታ፤ ሰውየው አወጀ። መድፉ ሲጮህ ደረቴ ተንቀጠቀጠ።

ከዚያስ? ከዚያማ ምንም። ሰው አጨበጨበ፣ ስልኩን ኪሱ ከተተ፣ አንድ ሕፃን አይስክሬም ካልተገዛልኝ ብሎ አለቀሰ፤ ሁሉም እያወራ ቁልቁል ወረደ። እኔ እዚያው ቀረሁ። ያ ሁሉ ዓመት ለዚህ ነው? ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ።

በተመለስኩ ማግሥት፣ አሁን ወደሚኖሩባት ላስ ቬጋስ አጠገብ ወዳለችው ሄንደርሰን ሄጄ የቀረጽኩትን በስልኬ ከፈትኩላቸው። ማየት ጀመሩ። ችቦው ወደ መድፉ ሲጠጋ ግን ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፉት። አሁንም እዚያው ቦታ! አልቻልኩም።

«ጋሼ፣ አታለሉኝ! ከመድፉ በኋላ እኮ ምንም የለም! ያኔውኑ ‹አለቀ› ቢሉኝ ምን ነበረበት?»

ቀና ብለው አዩኝ።

«አላየሁትማ» አሉ።

«ምኑን?»

«ከዚያ በኋላ ያለውን። ድው ሲል ሮጥኩ። እኛ አገር ድው ሲል ቤታችን ከነሰዉ ነው የጠፋው። ሲነጋ ከአንድ ጀልባ ሥር ጎትተው አወጡኝ። ልጆቹ ሳቁብኝ። እኔም ምን ሆነ ብዬ ማንንም ሳልጠይቅ ቀረሁ።»

እሳቸው ወንበራቸውን ወደ እኔ ሳብ አደረጉ።

«አንቺ አይተሻል። እስቲ ንገሪኝ። ከዚያስ?»

«ሰዉ አጨበጨበ፣ ጋሼ።»

«እሺ።»

«አንድ ሕፃን አይስክሬም ግዙልኝ ብሎ አለቀሰ።»

«ገዙለት?»

«ገዙለት። ከዚያ ሁሉም ወደ ቤቱ ሄደ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም። ከወደቡ ማዶ የከተማው መብራት እንደበራ ነበር።»

ያኔ እኔ እንደማደርገው፣ «ድገሚልኝ» አሉኝ። ደገምኩላቸው። ከዚያ ቀሪውን ሊያዩ ስልኩን ራሳቸው አነሡት።

ከእነዚያ ምሽቶች ጭሱም፣ ፍሙም፣ የነሐሷ ሴትም አብረውኝ አሉ። ንዴቱም አልለቀቀኝም፤ አሁን ግን የምናደደው በሌላ ነገር ነው። ከመድፉ በኋላ ያለችውን ያችን «ምንም» ሳልዘገይ ሄጄ ባመጣሁላቸው ኖሮ እላለሁ።