የሟቿ ቁጥር

ተማሪ ሳለች፣ አስተማሪው በስህተት የጨመረላትን ማርክ «ይህ የእኔ አይደለም» ብላ በመመለሷ «ዳኛዋ» የሚል ስም ወጣላት። እናቷ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ያወሩላታል። አባቷ ግን «በዚህ አመልሽ የትም አትደርሺ» ይሏት ነበር።

ዳኛዋ አድጋ መድኃኒት የሚሞከርበት ቤተ ሙከራ ተቀጠረች፤ ሥራዋ አይጥ መውጋትና መከታተል ነው። ለኩላሊት የታሰበው መድኃኒት ጥሩ ውጤት ይዞ ነበር። አንዳንዶቹ አይጦች ግን መብሉን ይተዉና፣ እንደተቀጣ ልጅ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ ግንባራቸውን የሳጥኑ መስታወት ላይ አስደግፈው ይሞታሉ። ቤቱ ለዚህም መላ አያጣም፦ የሟቿ ቁጥር በመቆንጠጫ ከጆሮዋ ይነቀልና መድኃኒቱን ላልቀመሰች ተጠባባቂ አይጥ ይሰካል። «የሞተችው ቀድሞም ታማ ነው» ይላሉ አለቃዋ። ጥናቱ ከታተመ ዳኛዋ ቋሚ ሠራተኛ ትሆናለች፤ ካልታተመ ኮንትራቷ ያበቃና ደጅ መጥናት ነው።

«አንዴ ብቻ» ብላ ቀየረች። አንዴ ብቻ ብሎ አንዴ ላይ የቆመ ሰው ካለ እስቲ አሳዩኝ። ደግማ ቀየረች፣ ሠለሰች። እጇ ለመደ፤ ሆዷ ግን እምቢ አለ።

መድኃኒቱ በሰው ሊሞከር ነው ሲባል አላስቻላትም። ከልቧ ፈራች። አለቃዋ ቢሮ ገብታ፣ «ዶክተር፣ አይጦቹ እኮ ሞተዋል። ሰው ሳይነካው እንናገር» አለች።

እሳቸው አልተቆጡም። እየሳቁ ወደ አይጦቹ ክፍል ይዘዋት ገቡ። «የትኛዋ ናት የሞተችው? ቁጥሯን ጥሪልኝ።»

ጠራች። ሳጥኑን ሳቡት።

«ይኸውልሽ፣ ቁጥሯ ከነጆሮዋ። እና ማን ሞተ ልትይ ነው?»

አይጧ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ፣ ፊቷን አዙራ ቆማለች። መድኃኒቱ ጨርሶ ያልነካት፣ ዳኛዋ ራሷ ከተጠባባቂዎቹ መርጣ ያመጣቻት ናት። ጎረቤቷም እንደዚያው። ቁጥር የተዛወረላቸው ሁሉ፣ መደርደሪያው ሙሉ፣ ጀርባቸውን ሰጥተዋቸዋል። አንዲትም አትንቀሳቀስም።

የአለቃዋ ሳቅ ፊታቸው ላይ ደርቆ ቀረ። እሳቸውም ፈርተዋል። ሳጥኑን ቀስ አድርገው ወደ ቦታው መለሱና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እነዚህንም ቀይሪያቸው» አሉ።

እምቢ ልትል አፏን ከፈተች፤ የመጣችውም ለዚሁ ነበር። መቆንጠጫው ግን እጇ ውስጥ ነው፣ መቼ እንዳነሳችው አታውቅም። «ተጠባባቂ ይበቃናል ወይ?» ስትል የራሷን ድምፅ ሰማች።