ሲሻላት ንገሯት

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ። እኔ አልደበቅኩም። ጅማ ውስጥ ስለ ደረቴ ያልነገርኩት ሰው ቢኖር ገና ያልተወለደ ነው። ለሐኪም ነገርኩ፣ ለቄስ ነገርኩ፣ ለባጃጅ ሹፌር ነገርኩ፤ ከኪቶ ካምፓስ ሱሪ ሊያሳጥሩ ለሚመጡ ተማሪዎች ሳይቀር ነገርኩ። መድኃኒቱ ግን የት እንደተደበቀ እንጃ።

ሕመሙ ከግራ ጡቴ በላይ ነው፣ ሁለት ጣት ወደ መሃል ገባ ብሎ። ልብስ ሰፊ ነኝና በሙያዬ ልናገር፦ ቀሚስ ውስጥ የተረሳ ስፒል ነው። ቀጥ ብዬ ስቆም የለም። ጎንበስ ስል፣ ዕቃ ሳነሳ፣ አንዳንዴም ስስቅ ይወጋኛል። ዘንድሮ አምስተኛ ዓመቱ ነው። ራጅ ተነሣሁ፣ አክታ ሰጠሁ፣ ደረቴ ላይ ሽቦ ለጣጥፈው የልቤን አመታት ወረቀት ላይ አወጡት፣ በአፌ ቱቦ አስገብተው ጨጓራዬን አዩ። "ምንም የለብሽም" ይላሉ። ይህን ብለው ደግሞ ደስ እንዲለኝ ይጠብቃሉ! አንዱ ወጣት ሐኪም ወረቀቱን እያጠፈ "ጭንቀት ይሆናል፤ የሚያስጨንቅሽ ነገር አለ?" አለኝ። "አሁን ያስጨነቅከኝ አንተ ነህ" አልኩት። ሳቀና ቫይታሚን ጻፈልኝ።

ሐኪም ስም ያላወጣለትን በሽታ ሰፈር ስም ያወጣለታል። የእኛ ሰፈር ሰቶ ሰመሮ ነው። መጀመሪያ ብርድ ነው አሉ፤ ቀጥሎ የሰው ዓይን ነው አሉ፤ በመጨረሻ ልብ ነው ብለው ተስማሙ። ከዚያ ወዲህ ኑሮዬ የልብ በሽተኛ ኑሮ ሆነ። ባሌ ቤት ውስጥ ጮክ ብሎ ማውራት ተወ። ሰው ሲሞት ጎረቤቶቼ "አንቺ ቅሪ፣ እድሩም አይቀየምሽ" ይሉኛል። ስልክ ላይ ደግ ያልሆነ ወሬ ከመጣ ስልኩን ይዘው ወደ ጓሮ ይወጣሉ። ልብሽ ጤነኛ ነው የሚለውን ወረቀት ባሳያቸው ማን ሰምቶኝ! እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን አንዳንዴ ደስ ይለኝ ነበር። ሐኪሞቹ ያላመኑኝን እነሱ አምነውኛል እል ነበር።

ታላቅ እህቴ አጋሮ ትኖር ነበር። እትዬ ነው የምላት። እናታችን የሞተችው እኔ ገና ጥርሴን ሳልነቅል ስለሆነ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ፀጉሬን የጎነጎነችው፣ ትምህርት ቤት እጄን ይዛ ያስገባችኝ፣ በኋላም ዛሬ እንጀራ የምበላበትን የስፌት መኪና የገዛችልኝ እሷ ናት። እሑድ እሑድ ትደውላለች። እንደምን አደርሽ ከማለቷ በፊት "በልተሻል?" ትለኛለች። የአርባ ሦስት ዓመት ሴት ነኝ እኮ ስላት "እና የአርባ ሦስት ዓመት ሴት አትበላም?" ትለኛለች።

ባለፈው መስከረም እሷ ታመመች። የእሷን በአንድ ሳምንት አገኙት። ጉበት ነው አሉ። ኃጢአቴን ልናዘዝ፦ ስሰማ መጀመሪያ የተሰማኝ ቅናት ነው። ለእሷ ወዲያው ስም ተገኘላት አልኩ በሆዴ። እግዜር ይቅር ይበለኝ። ልሂድ ብዬ ተነሣሁ። ባሌ "መንገዱ ተቆፋፍሯል፣ ያንገጫግጭሻል፤ እስኪ ትንሽ ሻል ይበልሽ" አለ። ከጅማ አጋሮ በሚኒባስ አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። እግሬን ያሰረኝ ሰው አልነበረም። ዛሬ አሞኛል፣ ነገ አልኩ። ነገም አመመኝ።

ኅዳር ሲገባ ስልኳ ይዘጋ ጀመር። ልጇ ደውላ "እማዬ ጉሮሮዋን አሟት ድምጿ ጠፍቷል፤ ሐኪሞቹ አትናገሪ ብለዋታል" አለችኝ። አመንኩ። ከሳምንት በኋላ ልጅቷ ራሷ ማር ይዛ መጣች። "እማዬ ናት የላከችልሽ፤ በሙቅ ውሃ በጥብጠሽ ጠጪው ብላለች።" ሻሿን ግንባሯ ድረስ አስራ፣ አበባ አበባ ያለበት ቀሚስ ለብሳለች፤ የትከሻው ስፌት ክንዷ ላይ ወርዷል፣ ወገቡ ሌላ ሰው ይጨምራል። "ደግሞ የማንን ቀሚስ ነው የለበስሽው? ልብስ ሰፊ አክስት እያለችሽ!" ብዬ አሾፍኩባት። አልሳቀችም። ስትሄድ አቅፋኝ ቶሎ አልለቀቀችኝም። ማሩን ጠዋት ጠዋት እየበጠበጥኩ ጠጣሁ።

ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ጅማ መርካቶ ያለችው ሱቄ ውስጥ ስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ አንዲት ትልቅ ሴት ለገና ቀሚስ ሊለኩ መጡ። የእትዬ ጎረቤት ናቸው፤ እሷ ናት ደንበኛ ያደረገችልኝ። ደፉ ላይ ቀጥ ብለው ቆመው አንገቴን ያያሉ። ቀይ ሻርፕ አድርጌ ነበር።

"ዋይ! አንቺ ልጅ" አሉኝ። "የእህትሽ አርባ እንኳን ሳይወጣ ጥቁሩን አወለቅሽው? ያሳደገችሽን!"

እንደ ሰፈሬ ሐሳብ ከሆነ ልቤ በዚያች ደቂቃ መቆም ነበረበት። አልቆመም። እግሬም ከፔዳሉ ላይ አልወረደም፤ መኪናው ክር ሳይኖረው ይሰፋል።

"ሐኪም ነው የከለከለኝ" አልኩ። "ጥቁር ያፍንሻል ብሎኝ።" ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።

ፊታቸው ወዲያው ተለወጠ። "አይ እናትዬ፣ ይቅር በይኝ። ከቀብሩ የቀረሽው ሆስፒታል ተኝተሽ ነው ብለውናል፤ ምን ይደረግ። ሬሳው እስኪወጣ ድረስ ዓይናችን መንገድ መንገዱን ነበር። እሷም ምስኪን፣ እስከ መጨረሻዋ ስታይ የነበረው በሩን ነው ይላሉ። እግዜር ያጽናሽ።"

"አሜን" አልኩ። ተነሥቼ ትከሻቸውን ለካሁ፣ ወገባቸውን ለካሁ፣ ቁመታቸውን ለካሁ፣ ጻፍኩ። ከሄዱ በኋላ ደብተሩን ሳየው የጻፍኩት ሁሉ አንድ ቁጥር ነው።

ሱቄን ዘግቼ በባጃጅ ወደ ቤት ስበር ጮኼ ልገባ ነበር። ሰፈሩን ላሰማ፣ ባሌን አንገቱን ልይዝ። የግቢው በር ክፍት ነው። ባሌ ከጓሮ በስልክ ያወራል።

"ገና ናት። ዛሬም ጠዋት ደረቷን ይዛ ነው የወጣችው" ይላል። ከወዲያ የሚባለውን አዳመጠ። "አውቃለሁ ልጄ፣ አውቃለሁ። ለእኔስ ቀሎኝ ይመስልሻል? ግን እናትሽ ምን ብላ ነው ያረፈችው? ሲሻላት ንገሯት፣ ከዚያ በፊት እንዳትነግሯት ብላ አስምላናለች። ቃሏን እንብላ? ሲሻላት እንነግራታለን።" ሲያለቅስ ሰማሁት። በአሥራ ስምንት ዓመት ትዳራችን ባሌ ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም።

ግድግዳውን ተደግፌ ቀረሁ። ሲሻላት! ለመሆኑ ማንም ያላገኘው በሽታ መቼ ነው የሚሻለው? ገብቼ ሰምቻለሁ ማለት እችል ነበር። ግን የሚሆነውን አውቀዋለሁ። ለቅሶ አይቀመጡልኝም። ደግፈው ያስተኙኛል፣ ውሃ ይረጩብኛል፣ ሆስፒታል ያጣድፉኛል፤ እህቴ ቀርታ የሚለቀሰው ለእኔ ይሆናል። እኔ ደግሞ የፈለግኩት እንደ ሰው ወግ እህቴን ማልቀስ ነው። ሳልቀብራት ቀረሁ፤ ቢያንስ አርባዋ ላይ ከዘመድ ጋር ልቁም አልኩ። ልጇ ድምጿ ጠፋ ካለችኝ ቀን ስቆጥር ለአርባዋ ሁለት ሳምንት ያህል ቀርቷል። ስለዚህ መዳን ነበረብኝ።

ዳንኩ። በማግስቱ "ዛሬስ ቀለል ብሎኛል" አልኩ። በሦስተኛው ቀን ጀሪካን ሙሉ ውሃ ከቦኖ እስከ ቤት ተሸከምኩ፤ ሕመሙ እስከ ጀርባዬ ዘለቀ፣ እኔ ግን መንገድ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ እየሳቅኩ ሰላም አልኩ። ለጎረቤቶቼ "ጠበሉ ያዘልኝ" አልኳቸው። እልል አሉ። ባሌ ፊት ወለሉን ተንበርክኬ ፈተግሁ፣ ሕመሙ ሊጨርሰኝ ሲል ወጥ ላማስል ብዬ ወደ ማድ ቤት ገባሁና በሩን ዘግቼ ጥርሴን ነከስኩ። ቫይታሚን ያዘዘልኝ ሐኪም እንኳን መንገድ ላይ አግኝቶኝ "አላልኩሽም?" አለኝ። ብለኸኛል፣ ይባርክህ አልኩት! በአምስቱ ዓመት ውስጥ የዳንኩ ሰሞን እንደታመምኩት ታምሜ አላውቅም።

ሱቄ አጠገብ ጨርቅ የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ አሉ። ጥቁር ሦስት ሜትር ተኩል ይቁረጡልኝ አልኳቸው።

"ለማን ነው?" አሉ።

"ለደንበኛ።"

መቀሱን ጨርቁ ላይ እንዳሳረፉ ቀና ብለው አዩኝ። ከአጋሮ የሚመጣ ሰው ሁሉ በእሳቸው በር ነው የሚያልፈው፤ ያልሰሙት የለም። ቆረጡ፣ አጣጠፉ፣ በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። "አላህ ሶብሩን ይስጣት በያት፣ ደንበኛሽን" አሉ። የሱቄን መጋረጃ ዘግቼ ሰፋሁት። የራሴን ልክ ስለማውቅ አልለካሁም፤ ሲያልቅ ግን ሰፋኝ። ለካ ከስቻለሁ።

ባሌ የቡና መጋዘን ሠራተኛ ነው፤ በደንብ ያልደረቀ ቡና አያስገባም። የእኔንም መዳን እንደዚያው አደረገው። "እስኪ ይርጋላት፣ ተመልሶ እንዳይመጣባት" ሲል በስልክ ሰማሁት። አርባው ደረሰ። ጠዋት አጋሮ ቡና ልረከብ ነው አለኝ፤ ቦርሳው ውስጥ ጥቁር ሹራብ ሲከት አይቼዋለሁ። "እኔም ልምጣ፣ ድኛለሁ እኮ" አልኩት። "በሚቀጥለው" አለ፤ ፊቴን አላየም። ቀኑን ሙሉ የሰው ልብስ ጠርዝ ስጠቀልል ዋልኩ። አሁን ጸሎቱ ደረሰ፣ አሁን ዝክሩ ተበላ፣ አሁን ሰው ተበተነ እያልኩ።

ሲመሽ መጣ። እራት አቀረብኩለትና "እትዬ እንዴት ናት?" አልኩት። ክፋት ነው፣ አውቃለሁ። ግን በግኜ ነበር።

ጉርሻው አፉ አጠገብ ቆመ። "ደህና ናት" አለ። "ሰላም በልልኝ ብላለች።"

"እግዜር ይስጣት" አልኩ።

ከዚያ ምሽት ወዲህ ቤታችን ውስጥ ሦስት ሆንን። ሰላምታ ልካ፣ ማር ልካ፣ ተቀብለናት እንዴት አትኑር? እሑድ ስልክ ሲጠራ ልቤ ዘሎ ይሄዳል፤ "በልተሻል?" የሚለውን ጠብቄ አነሣለሁ፣ ቀሚሴ ደረሰ ወይ የሚል ደንበኛ ይሆናል። አንድ ቀን ብቻዬን ምሳ ልበላ ስቀመጥ "በልቻለሁ እትዬ" ብዬ መለስኩላት፣ ጮክ ብዬ። ሳህኑን አነሣሁና ሳልበላ ቀረሁ።

አርባው ባለፈ በሳምንቱ፣ ጎህ ሲቀድ፣ በሩ ተንኳኳ። ባሌ ከአጠገቤ ተነሥቶ ለብሷል። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሰዎች ቤቱን ሞሉት። የንስሐ አባታችን አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጡና ስለ ጤናዬ እግዚአብሔርን አመሰገኑ፤ ከዚያ "ልጄ፣ እህትሽ አርፋለች" አሉ።

እንዴት እንደምደነግጥ ስንት ቀን አስቤበት ነበር። ያለቀሰ ሰው እንባ ከየት ያመጣል ብዬ ፈርቼ ነበር። አላስፈለገኝም። ከእሳቸው ኋላ የእህቴ ልጅ ገባች፤ በልኳ የተሰፋ ጥቁር ለብሳለች፣ ፀጉሯን ተላጭታለች። ጩኸቱ ከየት እንደወጣ አላውቅም። ደረቴን ደቃሁ። ሴቶቹ ዘለው ያዙኝ፤ "እጇን! እጇን! ደረቷን ጠብቁ!"

"ተዉአት" አለ ባሌ ከበሩ። "ድናለች። ይውጣላት።"

ለቀቁኝ። እዚያው የሚወጋኝ ቦታ ላይ ደቃሁት፣ ዓይኔ እስኪጨልም።

ከሰዓት በኋላ ሰው ሲሳሳ ልጅቷን ወደ ጓዳ ወሰድኳትና ያን ሁሉ ቀን ልጠይቃት የፈለግኩትን ጠየቅኋት። "ጠርታኝ ነበር?"

"አክስቴ፣ ምን ያደርግልሻል?"

"ጠርታኝ ነበር ወይ?"

"በር በተንኳኳ ቁጥር መጣች? ትለን ነበር" አለችኝ። "አሟታል ስንላት አዎ እሷ በሽተኛ ናት ትላለች፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ መጣች? ትላለች። አልተቀየመችሽም፣ በማርያም። እንኳን አልመጣች፣ መንገዱ ይጎዳታል ብላ ነው ያረፈችው።"

ብትቀየመኝ ይሻለኝ ነበር።

ይኸው ክረምት ገባ። ሕመሙ አልሄደም፤ እንዲያውም ብሶበታል። ጥቁሩን ለብሼ እውላለሁ፣ ማንም ሰፋሽ አይለኝም። ሐኪም ቤት መሄድ ግን ትቻለሁ፤ ለሰውም አልናገርም። ብናገር የሚከተለውን አውቃለሁ። አንድ ቀን የእህቴ ልጅ፣ ወይ ግፊት ያለበት ይሄ ባሌ፣ አንዱ ሆስፒታል ተኝቶ በሩን እያየ ይጠራኛል፤ እሷ በሽተኛ ናት ይሉታል። ዛሬ ጠዋት ጫማዬን ላስር ጎንበስ ስል ትንፋሼ ተቆረጠ። ቀና ስል ባሌ ቆሞ ያየኛል።

"ደረትሽ ነው?" አለኝ።

"ደረቴ ደግሞ ምን ሆኖ?" አልኩትና ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ።