የጋሽ መሸሻ ሰንጢዎች

ጋሽ መሸሻ ሠላሳ አንድ አሮጌ ሰንጢ አላቸው። እጀታቸው ከአጋዘን ቀንድ፣ ከኤሊ ቅርፊት፣ የአንዱማ ከተሰበረ የዘፈን ሸክላ ነው። አንዱም ግን ሽንኩርት እንኳ ቆርጦ አያውቅም። ታዲያ ይሄን ምን ይሉታል?

ለገና የዓለም ባንክ ሰፈር ጎረቤቶች ቅርጫ ገቡ። በሬው ተገፎ ሳያልቅ ቢላዎቹ ዶለዶሙ።

«ጋሼ፣ አንዷን ያውሱን!» አለ ጎረቤታቸው ጌድዮን።

«እጀታው እርጥበት አይወድም፤ ይሰነጠቃል።»

«እና በጥርሳችን እንዘልዝለው?»

ጋሽ መሸሻ ኪሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ሰው በደነዘ ቢላ ሲታገል ዋለ። ሥጋው ሲከፋፈል ጌድዮን ለጋሽ መሸሻ ሁለቱን ቀንዶች አስታቀፋቸው።

«ድርሻዎ ይኸው። ለእጀታ ይሆንዎታል።»

ባለቤታቸው እትዬ አልማዜ ባዶ ድስት ይዘው «ሥጋችንስ?» ብለው ጮኹ።

ጋሽ መሸሻ አንዱን ቀንድ ወደ ፀሐይ አንስተው ያገላብጣሉ።

«አልማዜ፣ ጫፉ ማር ይመስላል፤ ነይ እዪው!»